ሙቀት የማትችል አራስ

እናቴ ከተማችንን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ነው የምትላት። ጭሮ የሚለው ስም የቢሮና የመናኸሪያ ነው፤ እሷ ቤት አልገባም። አራስ ስትጠብቅም እንደዚያው ናት፤ ከእናቷ ካየችው አንዲት ነገር አታጎድልም። በር ይዘጋል፣ መስኮቱ በጋቢ ይሸፈናል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ገንፎው እንፋሎቱ ፊት እየገረፈ ይቀርባል። በርበሬና ቅቤ፣ አብሽ፣ ጤና አዳም፣ ጢስ፤ ታኅሣሥ 2010 ልጄን ወልጄ የተኛሁባት ክፍል ጠረን ዛሬም መንገድ ላይ ድንገት ያቆመኛል።

ችግሩ እኔ ሙቀት የማልችል አራስ መሆኔ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዓመታት በፊት፣ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን ነው። ቀኝ ዓይኔን ሳንቀሳቅሰው ይወጋኝ ጀመር፤ ወዲያው ደግሞ ገበያ ላይ የተሰጣው ቀይ በርበሬ ግራጫ ሆኖ ታየኝ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ፤ አንድ መነጽር ሻጭም መነጽሩን ሸጠልኝ። ዓይኔ በራሱ ጊዜ ሲመለስ ሁላችንም የየራሳችንን መድኃኒት አመሰገንን። ኋላ ከወገቤ በታች ሲደነዝዝ ፀበል ሄድኩ፤ በመጨረሻ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ደረስኩ። ኤምአርአይ ተነሣሁ፣ ከጀርባዬ ፈሳሽ ተቀዳ፤ የነርቭ ሐኪሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው አለኝ። የሰውነት የራሱ መከላከያ ተሳስቶ የነርቮችን ሽፋን ያጠቃል፤ ሽቦ ሲላጥ መብራቱ ብልጭ ድርግም እንደሚለው ማለት ነው። ከምድር ወገብ ርቀው ባሉ አገሮች የሚበዛ፣ በእኛ ዘንድ ብርቅ የሆነ በሽታ ነው። ከስንት ብርቅ ነገር እሱ ደረሰኝ!

ሳረግዝ ፈርቼ ለሐኪሙ ደወልኩለት። እሱ ግን አረጋጋኝ። በ12 የአውሮፓ አገሮች 254 ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት እንዳለ ነገረኝ። ሰውነት ፅንሱን እንደ ባዕድ እንዳይገፋው መከላከያው ለስለስ ስለሚል፣ በሽታው በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይበርዳል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን ማገርሸቱ ይጨምራል። እውነትም ያን መስከረም ብርቱ ሆንኩ። ከሱማሌ ክልል የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ሐረርጌ የሚጎርፉበት ጊዜ ነበር፤ ሆዴን ይዤ ልብስና እህል ከሚያሰባስቡ ሴቶች ጋር ስዞር እግሬ አንድም ቀን አልከዳኝም።

የከዳኝ ስወልድ ነው። ገንፎዬን በልቼ፣ በሙቅ ውሃ ታጥቤ፣ ተጠቅልዬ ልነሣ ስል ጉልበቴ ታጠፈ፤ ዓይኔ ላይ ጉም ወረደ። እናቴ «ብርድ ገባሽ!» ብላ ሌላ ጋቢ ደረበችልኝ።

እኔስ ሙቀቱን አውቀዋለሁ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመለስ አዋሽና ሚኤሶ ላይ እግሬ ይጠፋል፤ ወደ ጨርጨር ዳገት ስንወጣ ነፋሱ ይመልሰዋል። የተላጠ ነርቭ ሰውነት ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል፤ ሲበርድ ይመለሳል፣ ጉዳትም አይተውም። ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 ጽፎታል። ለእናቴ ግን ኡትሆፍ ማነው? «የአራስ መቃብር አርባ ቀን ክፍት ነው» እያለች ያደገች ሴት መስኮት ክፈቺ ስትባል መቃብር ክፈቺ የተባለች ይመስላታል።

ያስታረቁን ጎረቤታችን አዴ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሆጃ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ የቡና ገለባውና የወተቱ ሽታ ከሳቸው ቀድሞ ይገባል። አንድ ቀን ላቤን አይተው ምንም ሳይናገሩ ሆጃውን ከስኒ ወደ ስኒ እያገላበጡ አቀዘቀዙት፤ ከዚያ ለእናቴ «ልጅቷን ጠይቂያት እንጂ፣ የወለደችው እሷ አይደለችም?» አሉ። ያን ቀን መስኮቱ በስንዝር ተከፈተ።

ሐኪሙ የሰጠኝ ምክር ቀላል ነበር፤ ሲበርድ የሚሄደው ሙቀት ነው፣ ከአንድ ቀንና ሌሊት በላይ ከቆየ ደውዪልኝ። የካቲት ላይ ግራ እግሬ ከዳኝ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ብንነክረው፣ በነፋስ ብናስመታው፣ አድሮም አልተመለሰም። ሳምንቱ ደግሞ የአድማው ሳምንት ነው። የካቲት 5 ከቤት ያለመውጣት አድማ ተጀምሮ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ሌሊት ቤታችንን እያንቀጠቀጡ የሚያልፉት የጫት አይሱዙዎች እንኳ ድምፃቸው ጠፍቷል። አዲስ አበባ የማይታሰብ ሆነ። ሐኪሙ በስልክ መድኃኒቱን ነገረን፤ ሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ በቀን አንድ ግራም፣ ለሦስት ቀን በደም ሥር። ባሌ ከሰፈር ሰው በለመነው ጋሪ አስቀምጦ ወደ ከተማችን ሆስፒታል ገፋኝ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ የቆሙት ልጆች «አራስ ናት» ሲባሉ አንሥተው አሳለፉን፤ ከኋላችን መልሰው ሲደረድሩት ይሰማኛል። የካቲት 8 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን መልቀቃቸውን ሲናገሩ ነርሷ ግሉኮሱን እንደያዘች ከቴሌቪዥኑ ፊት ቀረች። እኔ የማስበው ጡቴን ነበር።

እናቴ «መርዝ ልታጠቢያት ነው?» ብላ ሕፃኗን አቅፋ ሸሸችኝ። ሐኪሙ ግን ወደ ወተቱ የሚያልፈው ጥቂት ነው፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ታግሠሽ አጥቢ ብሎኛል። ጡት ብቻ የሚያጠቡ እናቶች ላይ ማገርሸቱ ቀነስ እንደሚል ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ስለዚህ አስቀድሜ አልባለሁ፤ እናቴ በማንኪያ ትሰጣታለች፤ ከዚያ የግድግዳ ሰዓቱ ሥር ትቀመጣለች። አራቱ ሰዓት ሳይሞላ፣ ልጅ ብታለቅስ፣ እኔም ባለቅስ፣ ንቅንቅ የለም።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ስትነሣ በማለዳው ነፋስ እናቴን ተደግፌ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እግሬ ገና ይጎተት ነበር፤ ሲደክመኝ ዛሬም ይጎተታል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ አንዲት የእናቴ የማኅበር ጓደኛ መስኮቱን ክፍት አይታ «ምነው፣ ብርድ ልታስመቷት ነው?» ብላ ልትዘጋ ተነሣች። እናቴ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው። የሷ ነርቭ ሙቀት አይወድም፤ ሐኪሙ በስልክ ነግሮኛል።»

ከሐኪሙ ጋር አንድም ቀን ተነጋግራ አታውቅም። ይህን ብላ ገንፎዬን ሳህኑ ላይ ዘርግታ ማራገብ ጀመረች፤ በርበሬውን ግን አልቀነሰችልኝም።