በበቃ ሸለቆ የወይን አዝመራ

ከቤይሩት ተነስቶ ወደ ደማስቆ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሊባኖስን ተራራ እየተጠማዘዘ ወጥቶ ደህር አል ባይደር ከሚባለው በር ላይ ሲደርስ፣ ጉሙና ብርዱ ጣርማ በርን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያ ቁልቁል ሲታይ፣ በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ለጥ ያለ ሜዳ ይገለጣል። የበቃ ሸለቆ የሚባለው ይህ ነው። በዓረብኛ ስሙ ሌላ ትርጉም ቢኖረውም በእኛ ጆሮ «በቃ» ማለቱ መንገደኛውን ሁሉ ሲያስቀን ውሏል። ሜዳው ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ለወይን ተክል የተመቸውም ስለዚህ ነው።

የድሮ የጂኦግራፊ መጻሕፍት ታላቁን የስምጥ ሸለቆ ከዚሁ ከሊባኖስ አስጀምረው፣ በኢትዮጵያ አሳልፈው እስከ ሞዛምቢክ ይስሉት ነበር። የዛሬ ሊቃውንት ግን ይለያዩዋቸዋል፤ በሊባኖስ በኩል የመሬት ቅርፊቶቹ ጎን ለጎን ይተሻሻሉ፣ በእኛ በኩል ግን ይራራቃሉ ይላሉ። ሆኖም አገራችንም በስምጥ ሸለቆዋ ወይን ታበቅላለች፤ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ያስተከለው ወይን ከ2014 ጀምሮ በጠርሙስ ገበያ ላይ ውሏል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ የበቃን ወይን መጎብኘት ለእኛ የባዕድ ነገር ማየት ብቻ አይደለም፤ ነገ በአገራችን ሊሆን የሚችለውን አስቀድሞ ማየትም ነው።

በመስከረም፣ በለቀማው ወራት፣ አምስት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን አንድ መኪና ተከራየንና ወረድን። ቁርሳችንን ሽቱራ ላይ አደረግን። በዚያ የታወቀው ላብኔ ነው፤ ውሃው ተጣርቶ የወፈረ እርጎ፣ የወይራ ዘይት ፈስሶበት በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ ይበላል። ቂጣው የሚጋገረው ሳጅ በሚሉት ደጋን ብረት ምጣድ ላይ ነው፤ የእኛን ምጣድ ገልብጠው የጣዱት ይመስላል። በዚሁ ከተማ ዶሜን ዴ ቱሬል የተባለው የወይን ጠጅ ቤት ይገኛል። የመሠረተው ብረን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ የመጣው ለቤይሩት–ደማስቆ መንገድ ሥራ ነበር፤ በ1868 ወይን ጠማቂ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወደ ከሳራ ሄድን። ከሳራን የኢየሱሳውያን መነኮሳት በ1857 ጀምረውት በ1973 ለነጋዴዎች ሸጠውታል። ከግቢው ሥር ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የነበረ ዋሻ አለ፤ መተላለፊያዎቹ ባንድ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ውጭው እሳት ሲሆን ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ በርሜሉም ጠርሙሱም በዚያ ጨለማ ዓመታት ይተኛል። አስጎብኚው የጠመቃውን ሂደት አስረዳን። ቀይ ወይን ቀይ የሚሆነው ፍሬው ከነልጣጩ ሲብላላ ነው። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ይህ አየር ከተራው አየር ስለሚከብድ በጋኑ ውስጥና በዝቅተኛ ሥፍራ ይተኛል፤ ሰው ሳያስተውል ከገባ ትንፋሹን ቆርጦ ይገድለዋል። ስለዚህ ሠራተኛ ወደ ጋን ከመውረዱ በፊት አየሩ ይለዋወጣል፣ ይለካል፤ ብቻውንም አይገባም። ይህን የጥንቃቄ ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመንገዳችን ግራና ቀኝ ለቀማው ቀጥሏል። የሚለቅሙት አብዛኞቹ ከሶርያ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ ሴቶቹ ከፀሐይ ተሸፋፍነው ዘለላውን በመቀስ እየቆረጡ ሣጥን ይሞላሉ። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ግን የባለ ርስቱ ስም ብቻ ነው። የሊባኖስ ወይን በዓለም የታወቀው በጦርነት ውስጥ በመጽናቱ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ሻቶ ሙሳር ወይኑን ከበቃ አስለቅሞ፣ ተራራውን አሻግሮ ጋዚር ላይ የሚጠምቅ ቤት ሲሆን፣ ከ1975 እስከ 1990 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት የ1976 ወይን ብቻ ጨርሶ እንዳልተጠመቀ ይነገርለታል። ነገር ግን በተኩስ መካከል የለቀመውና መኪናውን የነዳው ማን እንደ ሆነ ብዙ ሲነገር አልሰማሁም።

ምሳችን ዛህሌ ላይ ነበር። በበርደውኒ ወንዝ ዳርና ዳር ምግብ ቤቶቹ ተደርድረዋል። መዜ የሚሉት አቀራረብ ለአበሻ የተፈጠረ ነው፤ ትናንሽ ሳህኖች ገበታውን ሞልተው ሁሉም በቂጣ እየጠቀለለ ከአንድ ገበታ ይበላል። ሁሙስ፣ ሙተበል፣ ተቡሌ፣ ከሁሉም በላይ ኪቤ ናዬ፤ ይኸውም እስኪልም የተወቀጠ ጥሬ ሥጋ ከቡርጉል ጋር የታሸ ነው። ክትፎ ናፍቆን ስለ ነበር የጥገኛ ትላትሉን ትምህርት ማንም እንዲያነሳ አልተፈቀደም። ዓረቄያቸውም ስሙ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ቃሉ በዓረብኛ «ላብ» ማለት ሲሆን፣ ከማጣሪያው አፍ እንደ ላብ ስለሚንጠባጠብ ነው ይላሉ። የእነርሱ ግን ከወይን ይወጣና ከአኒስ ፍሬ ጋር ይነጠራል። ውሃ ሲጨመርበት ወተት ይመስላል፤ የአኒሱ ዘይት በአልኮል እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ ነው።

በጎረቤት ገበታ አንድ ሰፊ ቤተሰብ ተቀምጦ ነበር። ከኋላቸው የቆመችው ወጣት የእኛው ልጅ ናት። ሁለት ሕፃናት እያባረረች ወደ እኛ ስትጠጋ አማርኛችንን ሰማች።

«ወንድሞቼ፣ ከየት ናችሁ?» አለች።

ተማሪዎች ነን አልናት።

«ትምህርት ቤቱ እዚህ ወይን ቤቱ ውስጥ ነው?» ብላ ሳቀች። እኛም ሳቅን። ቀጥላ ሐኪም ካለ እጄን ይይልኝ አለች። ሁለቱም መዳፎቿ ቀልተው፣ ቆዳው ተላልጦ፣ በጣቶቿ መካከል ተሰነጣጥቋል። በየቀኑ በበረኪና ትሠራለች። መጸዳጃ ስታጥብ በረኪናውንና አሲዱን ትቀላቅለዋለች፤ ያን ጊዜ ሳል ይይዛታል፣ ዓይኗም ያለቅሳል።

«እህቴ፣ ሁለቱን በፍጹም አትቀላቅይ፤ የሚወጣው ክሎሪን የሚባል መርዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል» አልኳት። «ጓንትም አድርጊ።»

«ጓንቱን ማን ይገዛዋል?» አለች። ወዲያው ተጠራችና ሄደች።

እንግዲህ ነገሩን እናስተያየው። በወይን ጠጅ ቤቱ ከጋን ስለሚወጣው አየር ሠራተኛው ይማራል፤ ሕግም ይጠብቀዋል። የእኛ እህት ከዚያ የማያንስ መርዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ስትተነፍስ የነገራት የለም። ይህ የአንድ ቤተሰብ ክፋት ብቻ አይደለም። የሊባኖስ የ1946 የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን በግልጽ ያስቀራል፤ ከፋላ በሚሉት ሥርዓትም መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው። በ2020 መስከረም የዕረፍት ቀንን የሚያረጋግጥ አዲስ የሥራ ውል በሥራ ሚኒስቴር ቢወጣም፣ በወሩ የአገሪቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። በዚያው ዓመት፣ ገንዘባቸው ሲወድቅ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያት በቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ ላይ በአሠሪዎቻቸው ተጥለው እንደ ነበር ዓለም ያየው ነው።

ከጓደኞቻችን አንዱ በመመለሻችን፣ «ሕግ እስኪለወጥ ተማሪ ምን ያደርጋል? ደግሞ ለአንድ ቀን መዝናናት ኃጢአት አይደለም» አለ። መዝናናቱ ኃጢአት እንዳልሆነ እስማማለሁ፤ ምግቡም ወይኑም መልካም ነበር፤ ያላየው ሁሉ ቢያየው እወዳለሁ። ሕግ ማስለወጥም ከአንድ የተማሪ ማኅበር አቅም በላይ ነው። ነገር ግን «አትቀላቅይ» የሚለው ቃል ሕግ አይጠብቅም። የጎማ ጓንትም ዋጋው ከአንድ ብርጭቆ ዓረቄ አይበልጥም።

ስለዚህ ለኅብረታችን አባላት የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሕክምና የምንማር ተማሪዎች ስለ በረኪና፣ ስለ አሲድ፣ ስለ ቃጠሎና ስለ እጅ ቁስል አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛና በኦሮምኛ እናዘጋጅ፤ ማንበብ ለማትችለውም በሥዕል ይሁን። ሁለተኛ፣ እሑድ እሑድ እህቶቻችን ፈቃድ አግኝተው በሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያንና በሌሎችም መሰብሰቢያዎቻቸው በተራ እየተገኘን እናድለው፤ ለመጡት ሁሉ ምክር እንስጥ፣ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ወደሚታከሙበት እንምራ። ሦስተኛ፣ ከየሽርሽሩ መዋጮ አሥር እጁ ለጓንትና ለቅባት ይቀመጥ።

በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ይህ ጉዳይ በአጀንዳ እንዲያዝልኝ አመለክታለሁ። የእሑዱን ተራ የሚጀምር ሰው ቢያስፈልግ፣ ስሜ በመጀመሪያው መስመር ይጻፍ።