ካልለካሁ አላምንም

በቅድሚያ አንድ ኑዛዜ አለኝ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩና ታላቅ ወንድሜን 80,000 ብር ላከስረው ለጥቂት ተረፍኩ። እውነቱን ለመናገር እስከዛሬ ለጓደኞቼም አላወራሁትም።

ወንድሜ ከግቢያችን ብዙም የማይርቅ ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚያሳይበት ቤት አለው። ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በየረድፉ የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ሻይ ማፍያ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ነጭ የተቀባ ግድግዳ ነው። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የ3 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ትሠራለች። ችግሩ ምስሉ ደብዝዟል። ደንበኞች “ኳሷ የት ገባች?” እያሉ ይጮሃሉ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ትልቅ ቴሌቪዥን ወዳለው ጎረቤት መሄድ ጀምረዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጠይቀው ብቅ ስል፣ “አንቺ ካሜራ ምናምን ትማሪ የለ? እስቲ እዪልኝ” አለኝ። አየሁለት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆምኩም። “ወንድምጋሼ፣ ይሄ እኮ አልቆለታል። አምፖሉ ሞቷል፤ አዲስ ግዛ” አልኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰው የ80,000 ብር ዕቁብ ነበረው። ብሩ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያና ለሚያፈሰው የመኖሪያ ቤታቸው ጣሪያ የታሰበ ነው። ዝም ብሎ ቆየና “እሺ፣ አንቺ ካልሽ” አለ። በቃ! አመነኝ።

ሰኞ ክፍል ውስጥ መረጃን ስለማጣራት ነበር የምንማረው። መምህራችን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገራችንን “በምን አወቅሽ? በምን አወቅክ?” እያሉ ይመረምሩ ነበር። “አምፖሉ ሞቷል” የሚለው ዓረፍተ ነገሬ ትዝ ሲለኝ ላብ አሰመጠኝ። በምን አወቅኩ? በምንም!

ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሳነብ ሰነበትኩ። መጀመሪያ የብርሃን መጠን እለካለሁ የሚል አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ 190 ሉክስ አለኝ። ለማረጋገጥ በወንድሜ ስልክ ብሞክር 118! ሁለት ምንጮች አንዱን ነገር ለየቅል ሲናገሩ ምን ይደረጋል? ሦስተኛና የታመነ ምንጭ ይፈለጋል። የስቱዲዮአችንን ባለሙያ ለምኜ የብርሃን መለኪያውን ለቅዳሜና እሁድ ተዋስኩ።

አለካኩ እንደሚከተለው ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚታወቀው የአሜሪካ ደረጃ መሠረት ሙሉ ነጭ ምስል ይለቀቅና ምስሉ ዘጠኝ እኩል ቦታ ይከፈላል። የእያንዳንዱ መሐል በሉክስ ይለካል። የዘጠኙ አማካይ በምስሉ ስፋት በካሬ ሜትር ሲባዛ የፕሮጀክተሩ ብርሃን በሉመን ይገኛል። ዘጠኝ የሆነበት ምክንያት መሐሉ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚደምቅ ነው፤ እሱን ብቻ የለካ ሰው ራሱን ያታልላል። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ከጥግ ወደ ጥግ ስንጠራራ ቀድመው የመጡት ደንበኞች “ቆጣሪ አንባቢዋ መጣች” ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ያልገመትኩትን ነገር ለካሁ፤ ጥቁሩን። ሙሉ ጥቁር ምስል ለቅቄ መለኪያውን ግድግዳው ላይ ሳደርገው 42 ሉክስ አነበበ። ነጩ ደግሞ 190 ነው። ፕሮጀክተር እኮ ጥቁር ቀለም መርጨት አይችልም። ግድግዳው ላይ ጥቁር የምንለው ብርሃን ያላረፈበትን ቦታ ነው። ቤቱ ውስጥ የገባው የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ያንን ቦታ አስቀድሞ ነጭ አድርጎታል። ስለዚህ ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው አራት እጥፍ ተኩል ብቻ ነበር። ኳሷን የዋጣት እሱ ነው።

ከ190ው ላይ የቤቱን 42 ስቀንስ የፕሮጀክተሩ ድርሻ 148 ሉክስ፣ በሉመን ደግሞ 750 አካባቢ ሆነ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 3,000 ነው። እርጅናው ውሸት አልነበረም ማለት ነው። ሆኖም ነጭ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን ሰማንያ በመቶውን ይመልሳል ብዬ ሳሰላ ዓይናችን የሚደርሰው በካሬ ሜትር 38 ካንዴላ ገደማ ነው። የዲጂታል ሲኒማ ቤቶች መለኪያ 48 ነው። ያን ያህል አይራራቁም! ሲኒማ ቤቱ ግን ጨለማ ነው።

“ማታ ማታስ እንዴት ነው?” አልኩት ወንድሜን።

“ማታማ ጥሩ ነው። ማሽኑ ሲቀዘቅዝ የሚሻለው መስሎኝ ነበር” አለኝ።

አያችሁ? መጀመሪያ ቀን መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ይሄ ብቻ ነበር። ገና አንደኛ ዓመት የተማርነው “መቼ?” የሚለው ጥያቄ።

እሁድ ጠዋት ሥራ ጀመርን። መስኮቶቹ ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ሰቀልን፤ በግድግዳውና በቆርቆሮው መሐል ያለውን ክፍተት ደፈንን፤ የሻይ ማፍያውን አምፖል ወደ ጥግ አዞርን። የፕሮጀክተሩን ሌንስና ማጣሪያ ከአቧራ አጸዳን፤ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ተብሎ የተመረጠውን ዝቅተኛ ብርሃንም ወደ ሙሉው መለስን። ጠቅላላ ወጪ 2,400 ብር። እንደገና ለካሁ፦ ነጩ 234፣ ጥቁሩ 4። ከአራት ተኩል ወደ 58 እጥፍ! ነጩ የጨመረው ጥቂት ነው፤ ሥራውን የሠራው ጨለማው ነው።

ቀጥሎ ማስተካከያዎቹን ነካካሁ። ስማቸው ያሳስታል። “ብራይትነስ” የሚባለው በዋናነት የጥቁሩን ደረጃ ነው የሚወስነው፤ “ኮንትራስት” ደግሞ የነጩን። የወንድሜ ብራይትነስ ጣሪያ ደርሶ ጥቁሩን ሁሉ ግራጫ አድርጎት ነበር። ጥቁሩ ጥቁር እስኪሆን፣ ጥላ ውስጥ ያለው የተጫዋች ማሊያ ግን እስከማይጠፋ ድረስ አወረድኩት።

ቀለሙ ላይ ግን ተሸነፍኩ ማለት እችላለሁ። ፕሮጀክተሩ “ዳይናሚክ” የሚባለው ላይ ነበር፤ ብርሃኑ ብዙ፣ ሳሩ ደግሞ እንደ አዲስ የፕላስቲክ ባልዲ አረንጓዴ። ወደ “ሲኒማ” ስቀይረው ብርሃኑ ወደ 150 ሉክስ ወረደ፤ የሰው ፊት ግን የሰው ፊት መሰለ። ማታ ጨዋታው ሲጀመር ቤቱ በጩኸት ተናጋ። “ሳሩ ደረቀ! መልሺው!” ሩብ ሰዓት ታገሱኝ አልኳቸው። ዓይን ይለምዳልና ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለ ሳሩ ያነሳ የለም። የቀለም መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረኝ ቀለሙ ልክ ነው ብዬ አልምልም። የለካሁት ብርሃኑን ብቻ ነው። አሁን ወንድሜ ለቀን “ስታንዳርድ”ን፣ ለማታ “ሲኒማ”ን ይጠቀማል።

ዕቁቡ ደረሰው። የልጆቹ ክፍያ ተከፈለ፤ ጣሪያውም ተሠራ። ፕሮጀክተሯ አንድ ቀን መቀየሯ አይቀርም፤ ያን ጊዜም ብርሃኗ ስንት ላይ እንደደረሰ ለክተን እናውቃለን። ወንድሜ ዘጠኙን ቁጥሮች የሒሳብ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፎ አስቀምጧቸዋል።

“ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ” ይባላል። እኔን ግን እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ የኔ አለማጣራት ብቻ አይደለም፤ የእሱ ማመን ነው። “እሺ፣ አንቺ ካልሽ” ያለው እህቱ ስለሆንኩ ብቻ ሳይሆን ተምራለች ብሎ ነው። ነገ ተመርቀን ስንጽፍ የሚያነቡን ሰዎችም እንደዚያው “እነሱ ካሉ” ይላሉ። ዕቁባቸውን የት እንደሚያውሉትም በዚያው ይወስናሉ።

መለኪያውን ሰኞ ጠዋት መልሻለሁ።