ውሻው ሾፌር

«ውሻ መኪና ሲነዳ አየሁ» የሚል ሰው በመካከላችሁ ቢነሣ ምን ትሉታላችሁ? እኛ ያልነውን እንነግራችኋለን፤ ያልነውም የሚያስመሰግነን አይደለም።

ነገሩ የሆነው ኅዳር 5 ቀን፣ በደብረ ፀሐይ ቁስቋም በዓል ዋዜማ ነው። ጐንደርን የሚያውቅ አንባቢ ያን ምሽት ያውቀዋል። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ካሠሩበት ከዚያ ኮረብታ ሥር ጧፍ ሻጩ፣ ጃንጥላ ሻጩ፣ ዘመድ ተቀባዩ ሁሉ ይተራመሳል። እኛም ጠላውን ጠምቀን፣ ድፎውን ደፍተን ስናበቃ ብርጭቆ ስለ ጐደለን፣ የስምንት ዓመት ልጃችን ከክርስትና እናቱ ቤት ስድስት ብርጭቆ ተውሶ እንዲመጣ ላክነው። የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ልጁ ግን የተመለሰው ፈጽሞ ከመሸ፣ እኛም ሁለት ጊዜ እስከ መንገድ ወጥተን ከተመለስን በኋላ ነው። ከስድስቱም ብርጭቆ ሁለቱ ተሰብረዋል።

«የት ነበርህ?» አልነው።

«ውሻ አይሱዙ ሲነዳ አየሁ። ክላክስም ነፋ። ከዚያ መኪናው መሄድ ጀመረ፤ እኔም ሮጥሁ።»

ወዴት እንደ ሮጠ አልጠየቅነውም። አያቱ ከምድጃው ዳር ሆነው «ልጄ፣ ውሸት እንኳ ልክ አለው» አሉ፤ እኛም ይህ ቃል ፍርድ ሆነልን። አንበረከክነው፤ እራቱንም ብቻውን እንዲበላ አደረግን። ልጁ አላለቀሰም። «ዋሽቻለሁ በልና ተነሣ» ብንለው ግን እምቢ አለ። እኛም ይህን እልከኝነት ብለን ጠራነው።

በማግሥቱ ታቦቱ ዑደት አድርጎ ከገባ በኋላ ከእንግዶቻችን ጋር ቍልቍለቱን ስንወርድ፣ የለስላሳ ሣጥን የጫነ አንድ አይሱዙ በመንገዱ ዳር ቆሞ አየን። በሾፌሩ ወንበር ላይ ቡናማ ውሻ ተቀምጧል። የፊት እግሮቹን በመሪው ላይ አሳርፎ፣ ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣ ከመተማ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ እንደ ገባ ሾፌር በታከተ ዓይን ሕዝቡን ይመለከታል። ልጃችን እጃችንን ጨመቀ እንጂ አንድ ቃል አልተናገረም። ወዲያውም ውሻው በመሪው ላይ ተደገፈና ክላክሱ ጮኸ። ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ሣቅን።

ሣቁ ግን አልቈየም። ውሻው ሲዘል መኪናው ተነቃነቀና ወደ ታች መንፏቀቅ ጀመረ። ከበታቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ያረፉ እናቶች ነበሩ። ጩኸት ሆነ፤ ከእኛም መካከል ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም አንድ ክንድ ያህል እንኳ ሳይሄድ ከፊተኛው ጎማ ሥር የነበረ ትልቅ ድንጋይ ያዘውና ቆመ።

ሾፌሩ እየሮጠ መጣ። ልንቈጣው አፋችንን ስንከፍት ዓይኑ በልጃችን ላይ ዐረፈ። «አንተ ጎበዝ፣ ዛሬም አለህ?» ብሎ ራሱን ዳሰሰውና ወደ እኛ ዞረ። «ልጅዎ ነው? ትናንት ማታ ከምግብ ቤቱ ድረስ ሮጦ የጠራኝ እርሱ ነው። ድንጋዩንም የዚያን ጊዜ ነው ያደረግሁት።»

የእጅ ፍሬኑ ሸራ ማለቁን ሾፌሩ አልሸሸገም። ውሻውም ክላክስ ሲነፋ ጌታው እየሮጠ እንደሚመጣ ተምሯል እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም። ረዳቱ ግን እስከ መጨረሻው ጥፋቱን ሁሉ በውሻው ላይ ሲያላክክ ሰማነው።

ልጅን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ቤት ያልተለመደ ነው፤ ወላጆቻችንም ለእኛ ይህን አድርገው አያውቁም። ያን ቀን ግን ወንጀለኛ ያልነው በእንግዶች ፊት ሊሸማቀቅ ሲገባው እኛ ተሸማቀቅን። «በድለንሃል፤ ይቅር በለን» አልነው። እርሱም «እሺ» አለና ጥቂት አስቦ «ሁለቱ ብርጭቆዎችስ?» ሲል ጠየቀን። እነርሱንም ተውንለት።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ የውሻ ሆነ። ከእንግዶቻችን አንዱ፣ መሪጌታ ናቸው፣ በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦብያና መልአኩ መንገድ ሲሄዱ ውሻው አብሮ መሄዱን አስታወሱን። ሌላውም በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ሲያመጣ ውሻው አብሮት እንደ ነበረ ተናገረ። እንግዲህ ውሻ በአገራችን በመኪና መሄድ የጀመረው ከአብዛኞቻችን አያቶች ቀድሞ ነው ማለት ነው!

ትልቁ ልጃችን በዚህ ጊዜ ስልኩን አወጣ። በኒው ዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ፣ ማርክ ቬት የተባለ አሠልጣኝ በ2005 ዓ.ም. ሞንቲ፣ ጂኒና ፖርተር የተባሉ ሦስት ባለቤት ያጡ ውሾችን መኪና መንዳት አስተምሮ ነበር። በመጀመሪያ በእንጨት በተሠራ ጋሪ ላይ፣ ቀጥሎም መሪውና ነዳጅ መስጫው ለእግራቸው እንዲደርስ በተለወጠ ሚኒ መኪና ነው ያለማመዳቸው። እግራቸውን በትክክለኛው ቦታ ባሳረፉ ቍጥር ቍራሽ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። ይህን ሁሉ የደከመው የተጣለ ውሻ ብልህ መሆኑን ሰው አይቶ ወስዶ እንዲያሳድገው ነው። በፊልሙ ላይ ፖርተር ቀበቶውን ታጥቆ፣ መሪውን ይዞ፣ መታጠፊያውን ሲዞር ይታያል።

ትንሹ ልጃችን ፊልሙን ሳይሆን የእኛን ፊት ሲያይ ቈየ። «ይህንን ብነግራችሁ ኖሮ ታምኑኝ ነበር?» አለ።

መልስ ስንፈልግ አያቱ የቡና ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን ጠረጉና «እስቲ ድገሙት፤ እኔ መሪውን ሲይዝ አላየሁትም» አሉ።