የተሻሻለው ማጫወቻ

የአዝማሪን ግጥም በአንድ መስማት የሚይዝ ጆሮ የለኝም። ሰሙን እይዛለሁ፤ ወርቁ ግን ከማሲንቆው ዜማ ጋር ተጠላልፎ ያመልጠኛል። ስለዚህም ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው የአዝማሪዎች መንደር በቡርቧክስ የቀረጽሁትን፣ ማታ ማታ በእጅ ስልኬ ማጫወቻ አዳምጥ ነበር። የስንኙን መነሻና መድረሻ ካመለከትሁት፣ በቃህ እስክለው ድረስ ያችኑ ይደጋግምልኛል። በአንድ ኅብረ ቃል ሦስት ሌሊት የባዘንሁበት ጊዜ አለ።

ባለፈው ክረምት ማጫወቻው በራሱ ጊዜ «ተሻሻለ»። መልኩ አምሯል፤ መደጋገሚያው ግን ጠፍቷል። ወደ ቀድሞው ልመልሰው ብል መንገድ አጣሁ።

ፊሊፕስ በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1963) ለዓለም ያስተዋወቀው ካሴትም ጣጣው ብዙ ነበር፤ ክሩ ሲተበተብ በእርሳስ ስናጠነጥን ማምሸታችን አይዘነጋም። ዳሩ ግን ከመቅረጸ ድምፃችን ላይ የመመለሻውን ቁልፍ በሌሊት የነቀለብን አልነበረም።

ለተማሪዎቼ የምገለብጠው ግጥም እነሆ ከአራተኛው ስንኝ ላይ ቆሟል። ገበሬው መሬቱን «አረሰው» ነው የሚለው ወይስ «ረሳው»? ጣቴ ቦታውን ሲፈልግ ዜማው ያልፋል። ሄጄ እንዳልጠይቅ፣ ሽማግሌው አዝማሪ አርፈዋል።