ገንዘቡ የኛ፣ ቁልፉ የሌላ

ውድ አንባቢዎች፣ በተለይም ቀን በሥራ ገበታ፣ ማታ በጓዳ የምትደክሙ እናቶች፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ልጆች መጫወቻ ነው። «ደግሞ ጌም ምን ቁም ነገር አለው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደዚያው ነበር የምለው። አሳቤን ያስለወጠኝ በአንዲት ጎረቤቴ ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ይህች ጎረቤቴ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ትልቁ ልጇ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሰፈራችን ወዳለው ጌም ቤት ጎራ እያለ፣ ለአንድ ጨዋታ እየከፈለ፣ ሲመሽ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው። እናቲቱን ያሳሰባት ጨዋታው ራሱ አልነበረም፤ ከልጇ ጎን የሚቀመጠው ሰው ነበር። ሲጋራ የሚያጨስ፣ በገንዘብ የሚወራረድ ጎረምሳ በዚያ አይጠፋምና። «ከቤቴ ሆኖ ቢጫወት ቢያንስ ዓይኔ ያየዋል» ብላ ወሰነች። ዕቁቧ በደረሳት ጊዜ የራሷን ጫማ ትታ አንድ ያገለገለ የጌም ማሽን ገዛች። ሻጩም «ሃያ ጌም ተጭኖበታል፤ ዲስክ የሚባል ነገር መግዛት አያስፈልግሽም» ብሎ አስደሰታት።

ሦስት ወር ያህል ሁሉም ነገር እንዳሰበችው ሆነ። ልጁ በጊዜ ይገባል፤ የቤት ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ ይጫወታል። አንድ ምሽት ግን ማሽኑን ቢከፍተው አልታዘዝ አለው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ መብራትም አልጠፋም። የጌሞቹ ሥዕሎች እንደ ወትሮው ተደርድረው ይታያሉ። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ አንዲት ትንሽ የቁልፍ ምልክት ተለጥፋለች። ሃያውም ተቆልፈዋል።

የእኔ ልጅ ይህን ሲሰማ የራሱን ዲስክ ከነማኅደሩ ይዞ ጓደኛውን ሊያጽናና ሮጠ። ወንድሜ ከአሜሪካ ለገና ሲመጣ ያመጣለት የእግር ኳስ ጌም ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዲስኩን እንደያዘ ተመለሰ።

«እማ፣ የነሱ ማሽን ዲስክ የሚገባበት አፍ የለውም» አለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጎረቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና «እቱ፣ አንቺ የጋዜጣ ሰው ነሽ፤ እስቲ አብረሽኝ ሂጂና ጠይቂልኝ» አለችኝ። ወደ ሱቁ ሄድን። ባለ ሱቁ ወጣት ነው፤ አልተቆጣም፣ አልሸሸንምም። «እህቴ፣ እኔ የሸጥኩልሽ ማሽኑን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ደህና ነው። ጌሞቹ በሌላ ሰው አካውንት የተገዙ ነበሩ። ባለ አካውንቱ የይለፍ ቃሉን ቀይሮት፣ ወይም ኩባንያው ዘግቶት ይሆናል። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። የተሰጣትን ደረሰኝ አውጥተን አየነው። «አንድ ማሽን» ይላል፤ ዋጋው ተጽፏል። ስለ ሃያዎቹ ጌሞች ግን አንድም ቃል የለበትም።

ስንመለስ ጎረቤቴ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለች፦ «ድስት ብገዛ ድስቱ አለ። ቢሰበር እንኳ ስባሪው አለ። ይሄ ግን ስባሪም የለው።»

እነሆ፣ ይህ አነጋገሯ ነው ነገሩን እንድመረምር ያነሳሳኝ።

ብዙዎቻችን ያደግነው በካሴት ዘመን ነው። ካሴት ከገዛን በኋላ ለጎረቤት እናውሳለን፤ ስንሰለቸው በሌላ እንለውጣለን፤ ለታናሽ እህታችን እንተዋለን። ሻጩ ሱቁን ቢዘጋ፣ ዘፋኙ አገር ቢለቅ ካሴቱ ከመሳቢያችን አይወጣም። የጌም ዲስክም በመጀመሪያ እንደዚሁ ነበር። ዛሬ የሚበዛው ሽያጭ ግን ሌላ መልክ ይዟል። ጌሙ ከኩባንያው ማከማቻ በኢንተርኔት ወደ ማሽኑ ይወርዳል፤ ገዢውም በስሙ አካውንት ይከፍታል። ማሽኑ ጌሙን ከማስጀመሩ በፊት «ይህ ሰው ፈቃድ አለውን?» ብሎ ይጠይቃል። ፈቃዱ ካለ ይከፈታል፤ ከሌለ ይቆለፋል። ስለሆነም የተሸጠልን ዕቃው ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱ ነው። ፈቃድ ደግሞ ሰጪው ሊነሣው ይችላል።

ይህ አሠራር ድንገት የመጣ አይደለም። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 ስቲም የሚባለውን የኢንተርኔት መሸጫ ከፈተ። በኅዳር 2004 «ሃፍ-ላይፍ 2» የተባለውን ጌም ሲያወጣ፣ ከሱቅ ዲስኩን የገዛው ሰው ሳይቀር በኢንተርኔት ካላስመዘገበ በስተቀር እንዳይከፈትለት አደረገ። በ2013 ማይክሮሶፍት «ኤክስቦክስ ዋን» የተባለው አዲሱ ማሽኑ ቢያንስ በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት እንዳለበት፣ ዲስክ ማዋስና መልሶ መሸጥም ገደብ እንደሚደረግበት አስታወቀ። ተጫዋቾች አጥብቀው ተቃወሙ። ኩባንያውም በዚያው ሰኔ ወር አሳቡን ሰረዘ። ይሁን እንጂ ነገሩ በሌላ በር ተመለሰ። ሶኒ በኅዳር 2020 «ፕሌይስቴሽን 5»ን ሲያወጣ ማሽኑን በሁለት ዓይነት አቀረበው፤ አንዱ ዲስክ ማስገቢያ ያለው፣ ሌላው በርካሽ የሚሸጠው ማስገቢያ የሌለው ነው። እንደኔና እንደ ጎረቤቴ ያለች እናት በየትኛው እንደምትሳብ ግልጽ ነው።

«ታዲያ ዲስክ ከገዛን ችግሩ ያበቃል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሁልጊዜ አያበቃም እላችኋለሁ። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 «ዘ ክሩ» የሚባል የመኪና ጌም አወጣ። ብቻውን ለሚጫወት ሰው እንኳ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ነበር። መጋቢት 31 ቀን 2024 ኩባንያው የሚያገናኘውን ኮምፒዩተር ሲዘጋ፣ ዲስኩን በእጁ የያዘው ሰው ሳይቀር ከጨዋታው ውጭ ሆነ። በዚህ የተነሣ «ጌሞችን መግደል ይቁም» የሚል እንቅስቃሴ ተጀመረ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አቤቱታውን ፈርመዋል። በካሊፎርኒያ ደግሞ በ2024 የወጣና ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። ይኸውም ሻጩ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ፣ ይህን በግልጽ ሳይናገር «ይግዙ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ይከለክላል። የጎረቤቴን የድስት ነገር ሕግ አውጪዎችም የተረዱት ይመስላል።

ነገሩ በጌም ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን ለደንበኞቹ የሸጣቸውን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት፣ አቅራቢው የመሸጥ መብት አልነበረውም በሚል ምክንያት፣ ከገዢዎቹ ማንበቢያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ገንዘቡን መልሷል፤ የኩባንያው መሥራችም ይቅርታ ጠይቋል። ነገር ግን መጽሐፉን ለትምህርት ቤት ሥራ እያነበበ ማስታወሻ ይይዝ የነበረ አንድ ተማሪ ማስታወሻው ከንቱ ቀርቶበታል። እስቲ አስቡት፤ መጽሐፍ ሻጭ ሌሊት ቤታችን ገብቶ ከመደርደሪያችን መጽሐፍ አንሥቶ፣ በቦታው ገንዘቡን አስቀምጦ ቢሄድ ምን እንላለን?

ለኛ አገር ልጆች ደግሞ ችግሩ ይደራረባል። አንደኛ ነገር፣ የውጭ ኩባንያ የሚቀበለው የባንክ ካርድ በየቤቱ የለም። ስለዚህ ልጆቻችን በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ስም፣ አለዚያም በማያውቁት ሰው አካውንት ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለ ጌም በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሁሉ የሶኒ አካውንት እንዲኖራቸው ታዝዞ ነበር። አገልግሎቱ በይፋ በማይደርስባቸው ከ170 በላይ አገሮች የጌሙ ሽያጭ ቆመ። በዚያን ጊዜ አገልግሎቱ በይፋ ከማይደርስባቸው አገሮች አንዷ የኛዋ ነበረች። በተጫዋቾች ጩኸት ትእዛዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢነሣም፣ በር ላይ የቆመ ሰው ሁኔታው ምን እንደሚመስል አሳይቶናል። ሁለተኛ ነገር፣ ኢንተርኔቱ ራሱ አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ፈቃድ ከሩቅ የሚጠይቅ ዕቃ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሣጥን ሊሆን ይችላል።

ጎረቤቴን ሳይ የራሴን ቤት ንጹሕ አድርጌ ቆጥሬ ነበር። አልነበረም። ወንድሜ በፋሲካ ሌላ ጌም ልኮልን ነበር፤ በማኅደሩ ውስጥ ዲስክ አለ። ስናስገባው ግን ገና ብዙ ነገር ከኢንተርኔት መውረድ እንዳለበት ነገረን። በስልኬ የገዛሁትን የወር ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ጨረሰው፤ በማግሥቱም ሌላ ገዛሁ። ልጄ የሚጫወትበት አካውንትም በወንድሜ ስም የተከፈተ ነው። የጎረቤታችንን ነገር ከሰማ በኋላ አንድ ማታ «እማ፣ የኛዎቹስ የኛ ናቸው?» አለኝ። «የመጀመሪያው ያንተ ነው፤ ሌላው የአጎትህ ነው» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን የአጎቱም እንዳልሆነ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት እናቶቻችን ለካ ለዚህም ዘመን ተርተዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ በኢንተርኔት መሸጡ ጥቅም የለውም አልልም። ዲስክ ይጫራል፤ ይሰበራል፤ ታናሽ ወንድም ሳህን አድርጎት ያድራል። ከውጭ አገር እስኪመጣም መንገደኛ መለመን ያስፈልጋል። በኢንተርኔት የተገዛ ጌም ግን ማሽኑ ቢሰረቅ እንኳ በአካውንቱ እንደገና ሊወርድ ይችላል። አነስተኛ አቅም ያላቸው የጌም ሠሪዎችም ዲስክ ማሳተሚያ ሳያስፈልጋቸው ሥራቸውን ለዓለም ያቀርቡበታል። ስለዚህ የምለው «አትግዙ» አይደለም። የምለው፣ የምንከፍለው ለዕቃ ይሁን ለፈቃድ እያወቅን እንክፈል ነው።

ለዚህም ጥቂት ምክር ልስጥ። አንደኛ፣ ማሽን ስትገዙ ዲስክ የሚገባበት አፍ ያለው መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ «ይህን ያህል ጌም ተጭኖበታል» ስትባሉ «በማን አካውንት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አታስቢ» ከሆነ፣ ያን ጊዜ ነው ማሰብ። የተባለላችሁ ነገር ሁሉ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። ሦስተኛ፣ ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ በሱቁ ውስጥ ተሞክሮ ይታይ። አዲስ ከሆነ በማኅደሩ ጀርባ ኢንተርኔት ይፈልግ እንደሆነ የተጻፈውን፣ እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። አራተኛ፣ አካውንት የግድ ከሆነ በቤተሰቡ ኢሜይልና ስልክ ይከፈት። የይለፍ ቃሉም በደብተር ተጽፎ ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር ይቀመጥ።

አምስተኛው ምክሬ ለእናንተው ለእናቶች ነው። የልጆቻችሁ የልደትና የክርስትና ፎቶግራፎች ዛሬ ያሉት የት ነው? የኔዎቹ በስልኬና ስልኩ በተያያዘበት አካውንት ውስጥ ነበሩ። የይለፍ ቃሉን ግን አላስታውሰውም ነበር። ባለፈው ወር ሃያ ያህሉን መርጬ አሳጠብኩ፤ የቀሩትን በፍላሽ ገልብጬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። የጎረቤቴ ልጅ ማሽን ባይቆለፍ ኖሮ ይህን አላደርገውም ነበር።

ጎረቤቴስ? ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ከሱቁ ያገኘችው ነገር የለም። ልጁ ግን ወደ ጌም ቤት አልተመለሰም። ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ይመጣና ሁለቱ በዚያች በመጀመሪያዋ ዲስክ ተራ በተራ ይጫወታሉ። ዲስኳ በሰፈሩ ብዙ ከመዞሯ የተነሣ ልጄ ማን እንደወሰዳትና መቼ እንደምትመለስ በደብተሩ መመዝገብ ጀምሯል። እናቱም ዳግመኛ ዕቁብ ገብታለች። «የሚቀጥለው አፍ ያለው ነው» ትላለች እየሳቀች፤ ጫማዋን ግን እስካሁን አልገዛችም።

እናንተም፣ ውድ አንባቢዎች፣ ከፍላችሁ ቁልፉ በሌላ እጅ የቀረባችሁ ነገር ካለ ጻፉልን። የአንዷ ጉዳት ለሌላዋ ትምህርት ይሆናልና።