ሽኮኮና የሕፃን ምስክርነት

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን የቆየ ሰው አንድ ጥያቄ ከጆሮው አይጠፋም፤ ይኸውም ምስክር በቆመ ጊዜ «በዓይንህ አይተሃል ወይስ ከሰው ሰምተሃል?» የሚለው ነው። ያየ ሰው ቃሉ ይከብዳል፤ የሰማ ሰው ቃሉ ይቀልላል። እኛም ይኸን ጥያቄና መልሱን 20 ዓመት ያህል ስንጽፍ ኖረን ሳለ፣ በገዛ ቤታችን ግን ሳንጠይቅ የፈረድንበት ቀን ስላለ፣ ልጆች ለሚያሳድጉ አንባቢዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ልንነግር ወደድን።

በ2010 ዓ.ም. ለጥር 1 ቀን ለቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል፣ ባለቤታችንንና ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ወደ ትውልድ አገራችን ወደ ሐይቅ ሄድን። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት ስፍራ መሆኑ የታወቀ ነው። ወደ ገዳሙ ሴት ስለማይገባ፣ እኛ ወንዱን ልጃችንን ይዘን ገና በሌሊት ስንሄድ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጃችን ከእናቷ ጋራ በአያቷ ቤት ቀረች። ቤቱ በአምባሰል በኩል ከገደል ሥር ነው።

ከቀትር በኋላ ስንመለስ ልጅቱ እየሮጠች ተቀበለችን። «አባባ፣ ሽኮኮዎች አየሁ! ጅራት የላቸውም። ተደራርበው ፀሐይ ሲሞቁ አንዱ ከዐለቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል» አለች።

እኛም ሳቅን። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊት ስንደግም ሽኮኮን በግእዝ ስሙ «ግሔ» እያልን በቃላችን አጥንተነው ነበር። በኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ፣ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ ጅራቱ እንደ ጭራ የጎፈረ፣ በዛፍ ላይ ተቀምጦ ፍሬ የሚፈለፍል እንስሳ ተሥሎ ነበርና፣ አስተማሪው በአማርኛ «ሽኮኮ» ብለው ተረጐሙልን። እንስሳውን ግን ከሩቅ ሲሸሽ እንጂ ሲኖር ተቀምጠን አይተነው አናውቅም። ስለዚህ ልጅቱን «ሽኮኮ ጅራታም ነው፤ ፍሬ እየቀበረ ለክረምት ያከማቻል፤ ያላየሽውን አየሁ አትበዪ» ብለን በወንድሟ ፊት ገሠጽናት። ልጅቱም ዝም አለች። ማታም ራት ሲቀርብ አንድ ጕርሻ እንኳ ሳትቀምስ ተኛች።

እናታችን ይኸን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው፣ መሶቡ ከተነሣ በኋላ «ልጄ፣ እሷ ያየችውን ተናገረች፤ አንተ መቼ አየህ?» አሉን። የምንጽፈውን ጥያቄ ፊደል ካልቈጠሩ እናታችን ሰማነው። እንቅልፍም አልወሰደን።

በማግሥቱ ፀሐይ ሳትወጣ ብቻችንን ወደ ገደሉ ሄደን ተቀመጥን። ብርሃን ከዐለቱ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ ጥንቸል የሚያህሉ፣ ጆሯቸው ያጠረ፣ ጠጕራቸው ቡናማ የሆነ እንስሳት ከስንጥቁ አንድ በአንድ እየወጡ ተደራርበው ተኙ። አንዱ ከላይ ቆመ። ጅራት የሚባል ነገር አላየንባቸውም። ጥቂት ቆይቶ አሞራ በሰማይ ባለፈ ጊዜ ቋሚው ጮኸ፤ ሁሉም በቅጽበት ተሰወሩ።

ወደ ሥራችን ከተመለስን በኋላ መጻሕፍት ብንመረምር ነገሩ ግልጥ ሆነልን። ሽኮኮ የሰውነቱን ሙቀት እንደ ሌሎች እንስሳት አጥብቆ መያዝ ስለማይችል፣ ጧት ጧት ፀሐይ መሞቅ ግድ ይሆንበታል። የእግሩ መዳፍ ለስላሳና ርጥብ ስለ ሆነ በገደል ላይ አያንሸራትተውም። በዓይኑ ውስጥ ብርሃን የሚከልል ነገር ስላለው ወደ ፀሐይ አቅጣጫ አሻቅቦ ማየት ይችላል፤ ዋና ጠላቱ ጥቁር ንስር ከላይ ስለሚመጣ ይኸ ትልቅ ጥቅም ነው። እናቲቱ ከ7 ወር በላይ ታረግዛለች፤ ግልገሎቹም ጠጕር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ከሁሉ የሚያስገርመው የቅርብ ዘመዱ ዝሆን መሆኑ ነው።

ያ የመጽሐፉ ጅራታም እንስሳ ግን በእንግሊዝኛ ስኩዊረል የሚባለው፣ ከአይጥ ወገን የሚቈጠር ሌላ ፍጥረት ነው። በውጭ አገር ፍሬ እየቀበረ የሚያከማች እርሱ ነው፤ ከቀበረውም ረስቶ የተወው በቅሎ ዛፍ ይሆናል። ዘመዶቹ በአገራችንም አሉ፤ በቈላ ምድር ጕድጓድ ምሶ የሚኖር፣ በጎኑ ነጭ መስመር ያለበት ከእነርሱ አንዱ ነው። ሁለቱ ፍጥረት በአንድ ስም ስለ ተጠሩ፣ እኛ የአንዱን ጠባይ ይዘን በሌላው ላይ ፈረድን።

ይኸን ሁሉ ያነበብነው ግን ኋላ ነው። በዚያ ጧት ከገደሉ እንደ ወረድን፣ ልጅቱን በአያቷ፣ በእናቷና በወንድሟ ፊት ጠርተን፣ ምስክርነቷ እውነት መሆኑን፣ የተሳሳትነውም እኛ መሆናችንን ነገርናት። ተግሣጹ በሰው ፊት ነበርና ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን ይገባው ነበር። አባት ለልጁ ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይቀንስበታል የሚሉ አሉ፤ በእኛ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። ልጅቱ ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «እንግዲያው አባባ፣ ጠባቂው ራሱ መቼ ይበላል?» ብላ ጠየቀችን።

በሦስተኛው ቀን ጧት አብረን ወደ ገደሉ ሄድን። እሷ እያየች ትናገር ነበር፤ እኛም ከጐኗ ተቀምጠን፣ እንደ ልማዳችን፣ ቃሏን እንጽፍ ነበር።