ባለ 60ው ሞተርና የሠርጋችን ገንዘብ

እናንተዬ፣ ሰው በሞተር ምክንያት እጮኛውን ሊያጣ ይችላል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ለጥቂት ተርፌያለሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሲያርፍ የተወልኝ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የቆመች ስድስት ሜትር ተኩል የእንጨት ጀልባ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንቃዋን ስቀይር፣ ቀዳዳዋን ስደፍን፣ ቀለም ስቀባ ከረምኩ። አምራ ወጣች። የቀራት ሞተር ብቻ! አባቴ ይሠራባቸው ከነበሩት ሁለት ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ሞተሮች አንዱ ተቃጥሎ፣ ሌላው በዝገት ተበልቶ አልቋል።

አንድ ደላላ «ወንድሜ፣ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ባለ 60 አለ። ጀልባህ ትበራለች!» አለኝ። ልቤ ቀድማ በረረች። ዋጋው ግን ከእጮኛዬ ጋር ለሠርጋችን ያጠራቀምነውን ገንዘብ በሙሉ የሚጠርግ ነው። ስነግራት አልጮኸችም። «ጀልባዋን ጠየቅሃት?» ብላኝ ሄደች። ሦስት ቀን ስልኬን አላነሳችም።

በአራተኛው ቀን የአባቴን የድሮ መካኒክ ይዤ ወረድኩ። ሽማግሌው ሞተር የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና ሳቁ። «ልጄ፣ ያ ሞተር ከ100 ኪሎ በላይ ነው። የአባትህ ሁለቱ ተደምረውም 75 አይሞሉም። ኋላዋን ልታሰጥማት ነው? ደግሞ ይቺ ውሃ እየገፋች የምትሄድ ጀልባ ናት። በዚህ ርዝመቷ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደች በቃት። ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ማዕበል ማስነሳትና ቤንዚን መጠጣት ነው!»

ታዲያ ስንት ይበቃል? ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ይህንንም አስልተን ሁለት ያገለገሉ ባለ 9.9 ፎር ስትሮክ መረጥን። እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ገደማ ናቸው፤ ዘይትና ቤንዚን መደባለቅ የለም። የእግራቸውንም ርዝመት ከሳንቃው ጋር ለካን። እግሩ ካጠረ ፕሮፔለሩ አየር ይመታል፤ ከረዘመ ጭቃ ያርሳል። «ታንካቸውንም ለየብቻ አድርገው» አሉኝ። «ከአንድ ታንክ ከጠጡ፣ ውሃ የገባበት ቤንዚን ሁለቱንም ባንዴ ይገድላቸዋል።» ዋጋቸው? የባለ 60ውን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

እጮኛዬን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዘጌ ቀዘፍን ልበል… በሞተር ነው እንጂ! ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። መሃል ላይ የግራው ሞተር ከጎኑ የሚተፋው ውሃ ተቋረጠ። የማቀዝቀዣውን ውሃ መሳቢያ እምቦጭ ደፍኖታል! ቶሎ አጠፋሁት። ቀኙ ብቻውን፣ ቀስ እያለ፣ ዘጌ አደረሰን። ባለ 60ው ብቻውን ቢሆን ኖሮስ?

እሷ ዞር ብላ አየችኝና «ለካ ጠይቀሃታል» አለችኝ።

ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል። ውድ አንባቢያን፣ ሞተር ስትመርጡ ከደላላው በፊት ጀልባዋን ጠይቁ። ከጀልባዋም በፊት አብሯችሁ የሚሳፈረውን ሰው!